መብራት ጠፍቷል ብለሽ ግድግዳ አትብሺ

እህቴ፣ «ጅማ የገዛነው ቤት ኩሽና ውስጥ መደርደሪያ ልሰቅል ነው፣ ለምጣድም ሶኬት ላስጨምር፤ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ግን አላውቅም» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚሁ ጉዳይ እኛ ቤት ሰው ሊሞት ነበርና ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

የእኛም ቤት ጅማ ነው፣ የብሎኬት። ወንድሜ የብረት መደርደሪያ ሊሰቅልልኝ የመጣ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። «እንዲያውም ጥሩ፣ ኮረንቲ አይዘንም» ብለን በባትሪ የሚሠራ ድሪል ተውሰን በሳን። ማታ መብራት መጣ። እናቴ በእርጥብ እጇ መደርደሪያውን ስትነካ ወርውሮ ጣላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

በኋላ ሲታይ ብሎኑ የሽቦውን ልባስ ልጦ ፌዙን፣ ማለትም ኮረንቲ የሚመጣበትን ሽቦ፣ ነክቷል። ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ግድግዳው ደረቅ ነበር፣ መደርደሪያውም ከመሬት ጋር አልተያያዘም። ኤሌክትሪኩ መሄጃ አልነበረውም። መሄጃ ያገኘው በእናቴ በኩል ነው።

ስለዚህ መብራት ስለጠፋ ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ በማንኛውም ደቂቃ ይመጣል። ራስሽ ዋናውን ብሬከር አውርጂ። ከማውረድሽ በፊት ግን መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሪው። አውርደሽ እዚያው ሶኬት ላይ ድገሚው። የተበላሸ ቴስተርም «መብራት የለም» ይላልና። ብሬከሩ ጋ ሰው አቁሚ፣ ሳያውቅ የሚያነሳ አይጠፋም።

ሽቦው ያለበትን ለመገመት ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ተነሺ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከኮርኒሱ ሥር ካለው የሽቦ መቀጠያ ሳጥን ይገባል። የሳጥኑ ክዳን ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፣ በእጅሽ ዳብሺው። ከእያንዳንዱ ሶኬት ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን በጠመኔ አስምሪ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር አትንኪ። ይሄም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የእኛን ቤት የሠራው ሰው ሽቦ ለመቆጠብ በሰያፍ ነው የወሰደው! ለዚህ ነው ግድግዳ ላይ የሚያልፍ መፈለጊያ ያለው ኤሌክትሪሺያን መጥራት የሚያዋጣው። ተራው እስክሪብቶ መሳይ ቴስተር የሚጮኸው መብራት ሲኖር ብቻ ነው፤ ብሬከሩ ከወረደ ሽቦውን አያሳይሽም። በክረምት የእኛ ከተማ ግድግዳ እርጥበት ስለሚይዝ መፈለጊያው ሽቦ በሌለበትም ሊጮኽ ይችላል። ከቻልሽ ዝናቡ እስኪያባራ ቆዪ።

ወደ ምጣዱ ልምጣ። 3500 ዋት የሚል ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከቆየ ሶኬት ላይ ቀጥለሽ አትውሰጂ፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ማንም አያየውም። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው መስመር ይውጣለት። እኔ ያስገባሁት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከነመሬት ሽቦው፣ በ20 አምፔር ብሬከር ነው። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ባለሙያው ይወስን። በቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ከእቃ ማጠቢያው ይራቅ። የሽቦ መቀጠያ ደግሞ በፍጹም ልስን ውስጥ አይቀበር፤ ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ በሚከፈትበት ቦታ ይሁን።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው። የእኛን አሳትሜ የብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ወንድሜም አሁን ድሪል ከማንሳቱ በፊት መጀመሪያ እሱን ከፍቶ ያያል።