እንግሊዝኛ ለመልመድ ምን እናንብብ? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ከንባብ ቡድናችን አባላት አንዱ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ዛሬ ማታ መጽሐፍ አመራረጥ ላይ ጥያቄ ይቀበላሉ።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ አንድ ምርጥ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይጠቁሙኝ።

መምህር፦ ምን ያህል ታነባለህ? ምን ዓይነት ታሪክ ትወዳለህ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልጠቁምህ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ፒያሳ አንድ ወፍራም ልቦለድ ገዛሁ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መምህር፦ ለጊዜው ተዪው እህቴ፣ የትም አይሄድም። ሁ እና ኔሽን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ልቦለድን ያለ አጋዥ በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት መሃሉን ገልጠሽ 100 ቃል ቁጠሪ። የማታውቂው ከሁለት ከሦስት ካለፈ ለባለቤቱ መልሺለት።

ለተማሪ ተቃለው የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። የኦክስፎርድ ቡክወርምስን ብንወስድ፣ ደረጃ 1 በ400 መሠረታዊ ቃላት ነው የተጻፈው። ደረጃ 2 በ700፣ ደረጃ 3 በ1,000 እያለ ደረጃ 6 ላይ 2,500 ይደርሳል። እነዚያው ቃላት በየገጹ ይመላለሳሉ። ቃል አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ደጋግመው ሲያገኙት ነው። ቀጭን ስለሆኑ «የልጆች ናቸው» ብላችሁ አትናቋቸው! የኔታ ፊደል ላልለየ ልጅ ዳዊት አያስይዙም። አሥር ቀጫጭን መጻሕፍት የጨረሰ ተማሪ፣ አንድ ወፍራም ጀምሮ ከጣለው በብዙ ይበልጣል።

ከማራኪ፦ የግራመር መጽሐፍስ?

መምህር፦ ሌላ ቀን። ዛሬ ስለ ንባብ ነው።

አስጎብኚ መሆን የምፈልግ፦ ስለ ከተማችን ላንብብ ብዬ የጄምስ ብሩስን የጉዞ መጽሐፍ አውርጃለሁ። ያዋጣኛል?

መምህር፦ ለታሪኩ አዎ፣ ለእንግሊዝኛህ ገና ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770፣ መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው። አምስት ትልልቅ ቅጾች ናቸው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ የፋሲል ግቢን ብታስጎበኝ እንግዳው ግር ይለዋል። ይልቅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈውን «ዋሪየር ኪንግ» ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ልቦለድ ነው፣ የቋራው ካሣ አጼ ቴዎድሮስ የሆነበትን ታሪክ ይተርካል። አንተ ደግሞ ታሪኩን ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። አዲስ ቃል ቢገጥምህ ታሪኩ ራሱ ይፈታልሃል። ቢሆንም መጀመሪያ 100 ቃል ቁጠር።

አንድ አባል፦ እንደዚያ ከሆነ መጽሐፍ ቅዱስን የመሰለ የለም። ታሪኩን በአማርኛ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሌላ አባል፦ ልክ ነህ፣ እኔ ኪንግ ጄምስ በሚባለው በጥንቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው የለመድኩት። ቋንቋው ግርማ አለው።

ሦስተኛ አባል፦ የ1611 እንግሊዝኛ ነው እኮ! ዛሬ በዚያ ማን ያወራል?

ሌላ አባል፦ የአምላክ ቃል እንደ ተራ ወሬ አይቃለልም።

ሦስተኛ አባል፦ ወንድሜ፣ እዚህ የተሰበሰብነው ቋንቋ ልንማር ነው።

መምህር፦ ረጋ በሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ኪንግ ጄምስን ግን ለጀማሪ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሉው የወጣው ጉድ ኒውስ የሚባለው ትርጉም ቀለል ባለ እንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። የማርቆስ ወንጌልን አንድ ምዕራፍ በአማርኛ አንብቡ፣ ከዚያ አማርኛውን ዘግታችሁ በእንግሊዝኛ ድገሙት። ለጸሎት የቱ ይሻላል የሚለውን ለአባቶች ተዉት።

አንዲት እናት፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ምን ልግዛላት?

መምህር፦ ሥዕል የበዛበት ይሁን፣ ራሷ ትምረጠው። ማታ ማታ ጮክ ብላ ታንብብልዎት። ሲሳሳትባት በየቃሉ አያቋርጧት።

ከአራዳ፦ መምህር፣ የትኛው መጽሐፍ ነው ጥሩ?

መምህር፦ ከላይ ያለውን አንብብ እንጂ ወንድሜ! ገጽ ግለጥ፣ 100 ቃል ቁጠር።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መዝገበ ቃላት ጨርሶ ልተው ማለት ነው?

መምህር፦ አይደለም። እያነበብሽ አትግለጪው ነው የምልሽ። የከበደሽን ቃል በእርሳስ ነካ አድርገሽ እለፊ። ምዕራፉን ስትጨርሺ ደጋግመው የመጡትን ብቻ ፈልጊ፣ አንዴ መጥቶ የጠፋውን ተዪው። ይህ ግን በራስሽ መጽሐፍ ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ቃሉን ደብተርሽ ላይ ጻፊው።