ቅዳሴን በስልክ መከታተል «ማስቀደስ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? በሪያድ ሰው ቤት እሠራለሁ። የዕረፍት ቀን የለኝም፤ እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያንም የለም። እሑድ እሑድ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን ቅዳሴ በዩቲዩብ ላይቭ ከፍቼ ሥራዬን እሠራለሁ። ማታ ደግሞ 400 የምንሆን እኅቶች በቴሌግራም ግሩፕ እንጸልያለን። በቅርቡ በቲክቶክ የተዋወቅኋቸው አንድ አባት «ንስሐ አባትሽ ልሁን፤ ኃጢአትሽን በድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ» አሉኝ። ልላክላቸው? ግሩፑ ውስጥ «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ካልላክሽ ክፉ ያገኝሻል» የሚል መልእክት ይበዛል፤ ሃይማኖታችንን የሚሳደቡም ይገባሉ። በስልክ የማደርገው ይህ ሁሉ እግዚአብሔር ዘንድ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እኅቴ፣ በመጀመሪያ የሚያስቸኩለውን ልንገርሽ፤ ለዚያ ሰው ምንም ዓይነት ድምፅ እንዳትልኪ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጸሎትሽ ይሰማል ወይ ላልሽው፣ አዎን ይሰማል። ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእስር ቤት በመንፈቀ ሌሊት ሲጸልዩ እግዚአብሔር ሰምቷቸዋል። አንቺንም ከወጥ ቤት ይሰማሻል። ቅዱስ ጳውሎስ ሊደርስባቸው ያልቻለውን ምእመናን በመልእክት አጽንቷል፤ ለቆላስይስ ሰዎች በሥጋ ባልኖር በመንፈስ ከእናንተ ጋር ነኝ ብሎ ጽፎላቸዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ግን በሁለተኛይቱ መልእክቱ ፍጻሜ ላይ ብዙ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፣ ነገር ግን በወረቀትና በቀለም ልጽፈው አልወደድሁም፤ መጥቼ አፍ ለአፍ ልናገራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። ሐዋርያት መልእክቱን ናቁት ማለት አይደለም። እስኪገናኙ ድረስ ተጠቀሙበት፤ በመገናኘት ፋንታ ግን አላስቀመጡትም። ያንቺንም ስልክ እንዲሁ ተመልከቺው።

ቅዳሴውን በተመለከተ ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። ቅዳሴ የሚሰማ ጸሎት ብቻ ሳይሆን በመንበሩ ላይ የሚፈጸም ምሥጢር ነው። ጌታ «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ያለውን ስልክ ሊያደርስልሽ አይችልም። ድምፁንና ምስሉን ግን ያደርስልሻል፤ ጸሎቱን ትጸልዪበታለሽ፣ ወንጌሉን ትሰሚበታለሽ፣ ስብከቱን ትማሪበታለሽ። ስለዚህ «ቅዳሴውን ተከታተልኩ፣ አብሬ ጸለይኩ» በዪ። «አስቀደስኩ» የሚለውን ቃል በቤተ መቅደስ ለምትቆሚበት ቀን አቆዪው። ይህን የምልሽ ላሳዝንሽ አይደለም። የቃሉን ልዩነት የዘነጋ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቱ አጠገብ እያለ እንኳ በስልክ ማየቱን ሲቀጥል ስለሚታይ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ብዙዎች ቅዳሴን በስልክ ለመዱ፤ ወረርሽኙ አልፎም ልማዱ ያልተዋቸው አሉ።

አከታተሉ እንዲህ ይሁን። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ይህ ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲነጋጋ ገብቶ ረፋድ ላይ ያልቃል። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ቀትር አካባቢ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጸማል። የቤቱ ሰዎች ሳይነሡ የምታገኚው የእሑዱ ሰዓት ስለሆነ እሱን ምረጪ። ሙሉውን መቆም ካልቻልሽ ከሥራ ጋር እያደባለቅሽ ሁለት ሰዓት ከምትከፍቺው ይልቅ በሩን ዘግተሽ ግማሽ ሰዓት ቆመሽ ብትጸልዪ ይሻላል። ነጠላሽን ልበሺ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ መልሺ። ከሪያድ ምሥራቅ ፀሐይ የምትወጣበት ነው፤ ስልኩን በዚያ በኩል አቁሚው። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጡትን ተነሡ ማለቱ ነው፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ማለቱ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚያይ ሰው ለዚህ ጥሪ ምን ይመልሳል? ተሰጥዎውን፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰውን፣ ከሕዝቡ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ በዪ። የኮመንቱን ሳጥን ዝጊው። ቅዳሴ እየተቀደሰ ልብና አበባ መላክ፣ «ከየት አገር ናችሁ» ብሎ ሰላምታ መለዋወጥ በቤተ መቅደስ ውስጥ ጨዋታ እንደማውራት ነው። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ሌላ ነገር አትክፈቺ። ሳህን እያጠብሽ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሚው ግን መጽናኛ ነው፤ እሱንም አታቋርጪው፣ ከቆምሽበት ጸሎት ጋር ብቻ አትቁጠሪው። ውኃ ስክሪኑ ፊት አስቀምጠው «ጠበል» የሚሉም አሉ፤ ውኃው ጠበል የሚሆነው ካህኑ በቦታው ሲጸልይበትና ሲባርከው ነውና ይህን አትከተዪ።

አሁን ወደዚያ «አባት» ልመለስ። ሰውየው ካህን ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ቀሚስ፣ ቆብና የእጅ መስቀል በገበያ ይገዛሉ። እውነተኛ ካህን «በየትኛው ደብር ያገለግላሉ?» ሲባል ደብሩን ይናገራል፣ የደብሩን አስተዳዳሪም ይጠቁማል። ያንን ስም ለእናትሽ ወይም ለወንድምሽ ንገሪያቸውና በእግራቸው ሄደው የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በስልክ የተሰጠሽን «የደብሩ ቁጥር» ደውለሽ ማጣራት አይበቃም፤ ቁጥሩን የሰጠሽ ራሱ ሰውየው ነውና። «ለማንም እንዳትነግሪ»፣ «መተት ተደርጎብሻል፣ ታይቶኛል»፣ «ለማፍረሻ ይህን ያህል ላኪ»፣ «ፎቶሽን ላኪልኝ» ከተባልሽ ግን ማጣራቱም አያስፈልግም፤ ያን ጊዜውኑ ብሎክ አድርጊው። ንስሐ አይሸጥም። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ወይም ለስለት ገንዘብ ስትልኪም በቤተ ክርስቲያኑ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ በግለሰብ ስም ከሆነ አትላኪ። ቤተሰብሽ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉልሽ።

የተቀዳ ድምፅ ለምን ይከለከላል? የንስሐ ምሥጢር በካህኑና በተነሳሒው መካከል ተነግሮ የሚያበቃ ነው፤ ካህኑም እንዳያወጣው ታስሯል። የተቀዳ ድምፅ ግን አያበቃም። በስልኩ ይቀመጣል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ለጥገና ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ በመንካት ለሌላ ሰው ይተላለፋል። አንቺ ከራስሽ ስልክ ብታጠፊውም እሱ ጋ ሌላ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ «ገንዘብ ካልላክሽ እለቀዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? ከዚህ ቀደም ልከሽ ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ፤ ቢያስፈራራሽም አትክፈይ። አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቶቹን ስክሪንሾት አንሥተሽ አስቀምጪ፣ ሰውየውን ዝጊው፣ ለምታምኚው የቤተሰብ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ።

ንስሐ አባት ግን ያስፈልግሻል፤ ምናልባትም ስላላስተዋልሽው እንጂ አለሽ። እናትሽን «የቤታችን የንስሐ አባት ማን ናቸው?» ብለሽ ጠይቂያት። እሳቸው ቤትሽን ያውቃሉ፤ በበዓል እየመጡ ጠበል ይረጫሉ። ሰዓታቸውን አስጠይቀሽ ብቻሽን በሆንሽ ጊዜ በራስሽ ስልክ ደውዪላቸው። ከመደወልሽ በፊት የምትናገሪውን በልብሽ ለይተሽ አዘጋጂ፤ ብትጽፊውም የሌላ ሰው ስም አታስገቢ፣ ስትጨርሺም ቀዳደሽ ጣዪው። ምክር፣ ተግሣጽና ጸሎት ከእሳቸው በስልክ ትቀበያለሽ። ኑዛዜው ግን በካህኑ ፊት፣ በመስቀሉ ሥር «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብሎ እንዲፈጸም ጠብቂ። አባትሽ በጭንቅ ምክንያት በስልክ እሰማሻለሁ ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ያም ሆኖ ስትገናኙ በአካል ይፈጸማል። ቀኖና፣ ማለትም ለንስሐሽ የምትፈጽሚውን ጾም፣ ጸሎትና ስግደት፣ ሲሰጡሽ የሥራ ሰዓትሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በቀን 15 እና 16 ሰዓት ቆማ ለምትሠራ ሴት ብዙ ስግደት ቢታዘዝ አንድ ሳምንት ሞክራ ትተወዋለች፣ ከዚያም አፍራ መደወሉንም ታቆማለች። አባትሽ ሁኔታሽን ካወቁ የሚቻልሽን ይሰጡሻል።

የቴሌግራም ጸሎታችሁ መልካም ነው። ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት በመካከላቸው እሆናለሁ ያለ ጌታ የቦታውን ርቀት አልለካም። ነገር ግን 400 ሰው ማኅበር አይሆንም። ማን እንደታመመች፣ ማን ከሥራ እንደተባረረች፣ ማን ለሦስት ቀን ድምፅዋ እንደጠፋ የሚታወቅበት አይደለም። በጽዋ ማኅበር ልማድ 12 ሆናችሁ ብትከፈሉ እርስ በርስ ትጠባበቃላችሁ። በቮይስ ቻት ስትጸልዩ ሁላችሁም በአንድነት ለማንበብ አትሞክሩ፤ የኔትወርኩ መዘግየት ድምፁን ያደበላልቀውና ጸሎቱ ጩኸት ይሆናል። አንዷ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታንብብ፣ ሌሎቻችሁ ማይካችሁን ዘግታችሁ በለሆሳስ ተከተሉ። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲደርስ ሁሉም በያለበት ይድገም። በ30 ደቂቃ ጨርሱ። ጨዋታው ከጸሎቱ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚጎተት ነው ብዙዎቻችሁ ጠዋት ሳትጸልዩ ወደ ሥራ የምትሮጡት።

ለጸሎት ስም ስታስተላልፉ የክርስትና ስም ብቻ ይበቃል። «ወለተ እገሌን አስቡልኝ» በዪ፤ በሽታዋን፣ የአሠሪዋን ስም፣ የምትኖርበትን ሰፈር አትዘርዝሪ። እግዚአብሔር ያውቃታል፤ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ማወቅ የለበትም። በሳዑዲ ለጸሎት የተሰበሰባችሁበትን ፎቶና ቦታም በምንም ሁኔታ አትለጥፉ፤ የአንዷ ፎቶ ሁላችሁንም ሊያስይዝ ይችላል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቺና ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ፣ ከምታውቂያቸው በቀር ማንም ወደ ግሩፕ እንዳያስገባሽ አድርጊ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውንም አብሪው። በቴክስት የሚመጣልሽን ኮድ «የግሩፑ አድሚን ነኝ» ለሚልሽም አትስጪ።

«ለ10 ሰው ላኪ» የሚለውን አንብበሽ አጥፊው፤ ለአንድም ሰው አታስተላልፊ። ጸሎት በማስፈራሪያ አይታዘዝም፤ የሚደርስብሽ ክፉ ነገርም የለም።

ለሚሳደቡት አድሚኗ ሳትመልስ ታስወጣቸው። ሊያውቅ ፈልጎ የሚጠይቅና ሊያናድድ የሚጠይቅ በሁለተኛው መልሱ ይለያል፤ የመጀመሪያው መልስሽን አንብቦ ሌላ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ሳያነበው ስድቡን ይደግማል። ለመጀመሪያው ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳለው በየዋህነትና በፍርሃት መልሺለት፤ ካላወቅሽው «ጠይቄ እነግርሃለሁ» በዪ። በምትኖሪበት አገር በሃይማኖት ክርክር የተጻፈ አንድ ኮመንት ፖሊስ ዘንድ ሊያደርስሽ እንደሚችልም አትርሺ። እኅታችሁ ስታጠፋም በግሩፑ ፊት አትውቀሷት፤ ጌታ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ብሏልና በኢንቦክስ ሳይሆን በድምፅ ደውዪላት። ጽሑፍ የድምፅን ለስላሳነት አያደርስም።

የሚቀረው ቅዱስ ቁርባን ነው። ማርያም ግብጻዊት 47 ዓመት በበረሃ ስትኖር ቤተ መቅደስ አልነበራትም፤ ብቻዋን ጸለየች። ሥጋውንና ደሙን ስትሻ ግን አባ ዞሲማስን ይዘውላት እንዲመጡ ለመነቻቸው፤ እርሳቸውም በጸሎተ ሐሙስ ወደ ዮርዳኖስ ይዘውላት መጡ። አንቺ ካህን የሚመጣልሽ ቦታ ላይ ስላልሆንሽ የምትሄጂበትን ቀን አሁን ቁረጪ። የሁለት ዓመት ኮንትራትሽ አልቆ ለዕረፍት ስትገቢ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ ጥየቃውና ገበያው ይቀድማል፣ ንስሐው ለመጨረሻው ሳምንት ይቀራል፣ ቀኖናው ሳይፈጸም ቪዛው ይደርሳል፣ ሳይቆርቡም ይመለሳሉ። አንቺ ትኬቱ በተቆረጠ ቀን ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ የምትደርሺበትን ቀን ንገሪያቸው። በደረስሽ በመጀመሪያው ሳምንት ተናዘዢ። ቀኖናሽን ፈጽመሽ፣ ሲፈቅዱልሽ 18 ሰዓት ጾመሽ ቅረቢ። ባለትዳር ከሆንሽ ባለቤትሽም ከአሁኑ ይዘጋጅ፤ አብራችሁ ትቆርባላችሁና በእሱ በኩል ያለውን ንስሐ አንቺ እስክትመጪ አይጠብቅ።