መንገዳችን ለከባድ መኪና ተፈቀደ፤ ክስ ማቅረብ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የከተማው አስተዳደር የምንኖርበትን መንገድ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች እንዲተላለፉበት ከተፈቀዱት መንገዶች ጋር መደበው። የቤቴ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈን መልስ አላገኘንም። ውሳኔውን በፍርድ ቤት ማሰረዝ እንችላለን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ፣ ፍርድ ቤት በአስተዳደሩ ቦታ ተተክቶ የትኛው መንገድ ለጭነት መኪና እንደሚሻል አይመርጥም። በአብዛኛው የሚመረምረው ውሳኔው ሥልጣን ባለው አካል መሰጠቱን፣ ሕጉ ያዘዘው ሥርዓት መጠበቁንና በቂ ምክንያት መኖሩን ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጻፉልኝ ነገር ነው። ደብዳቤዎቹን ቆጥረው ነግረውኛል፤ ውሳኔው መቼ እንደወጣና እርስዎ መቼ እንዳወቁት ግን አንድም ቃል አላነሱም። ደንበኞች ደጋግመው የሚጎዱት በዚሁ ነው። አስተዳደራዊ ውሳኔን ለመቃወም ሕግ የሚሰጠው ጊዜ በብዙ አገሮች አጭር ነው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከታወጀበት ወይም ለባለጉዳዩ ከደረሰበት ቀን እንጂ ግድግዳው ከተሰነጠቀበት ቀን አይደለም። ሰዎች ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ ኃላፊ ሲለምኑ፣ «እናየዋለን» የሚል ተስፋ ይዘው ሲመላለሱ ቀኑ ያልፋል፤ ከዚያም ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋል። በሕጉ መሠረት ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ መደበኛ ቅሬታ ጊዜውን ሊያቋርጥ ይችል ይሆናል፤ የልመና ደብዳቤ ግን እንደ ቅሬታ ላይቆጠር ይችላል። የአስተዳደሩ ዝምታም አንዳንድ ሕጎች እንደ እምቢታ ስለሚቆጥሩት፣ መልስ እየጠበቁ ሳለ ሌላ የጊዜ ገደብ እየሮጠብዎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እባክዎ አራተኛ ደብዳቤ አይጻፉ፤ የውሳኔውን ግልባጭ፣ የወጣበትን ማስታወቂያና ደብዳቤዎችዎ ገቢ የሆኑበትን ማኅተም ይዘው ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ። ቀኑ አልፎ ከሆነም ዘግይቶ መክሰስን በበቂ ምክንያት የሚያስፈቅድ ድንጋጌ መኖሩን የሚያጣራልዎ እሱ ነው።

መኪኖቹ አላፊ ናቸው ወይስ በመንገዱ ላይ ወዳለ መጋዘን የሚገቡ? ይህንንም አልገለጹም። የከባድ መኪና ገደቦች በተለምዶ ጭነት ለማድረስ የሚገቡትን ስለማይጨምሩ፣ ቢያሸንፉም እነዚያው መኪኖች ሊቀጥሉ ይችላሉ። የመንገዱን እንቅስቃሴ በቀንና በሰዓት መዝግበው ያቆዩ።

የግድግዳው ካሳ ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ የራሱም የይርጋ ጊዜ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አለው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በተካሄደው የመንገድ ሙከራ ላይ የተመሠረተው ስሌት፣ የአክስል (ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት በእጥፍ ሲያድግ የመንገዱ ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ግድም እንደሚደርስ ያሳያል። ይህ ግን ስለ አስፋልቱ እንጂ ስለ ግድግዳዎ አይመሰክርም፤ ስንጥቁ ከመሠረቱ መስመጥ የመጣ ነው ተብሎ መከራከሪያ ይቀርብብዎታል። ስለሆነም መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ አስተያየት ሳይሰጥ ግድግዳውን እንዳያስጠግኑ አደራ እላለሁ።