ለልጅሽ ቅርጽ ስታስተምሪ የእኔን ስህተት አትድገሚ

አብሽሪ እህቴ። «ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ በመስከረም ኬጂ ትገባለች፤ ቅርጾችን ቤት ውስጥ በጨዋታ እንዴት ላስተምራት? የግድግዳ ሥዕልና የፕላስቲክ ቅርጾች ልግዛላት ወይስ ይቅር?» ብለሽ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ጥያቄ መልሼ የሰማሁ መሰለኝ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ላይ በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ስለነበርኩ፣ በከንቱ ያጠፋሁት ብርና ጊዜ በአንቺ እንዳይደርስ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

አንደኛ፣ የግድግዳ ሥዕሉን አትግዢ። እኔ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቀለም ሥዕልና አንድ ሣጥን የፕላስቲክ ቅርጽ በ2,400 ብር ገዝቼ፣ በየምሽቱ በጣቴ እየጠቆምኩ «ይህ ምንድን ነው?» እያልኩ ልጄን አስጠናኋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክቡን፣ ካሬውን፣ ሬክታንግሉንና ጎነ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ትጠራቸው ጀመር፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥርም እያስጠራኋት እኮራ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ጎነ ሦስት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ጎኖቹ እኩል፣ ጫፉ ወደ ላይ የቀና። ልጄ በቃሏ የያዘችው ያንን አንድ ሥዕል መሆኑን አላስተዋልኩም።

ይህን ያወቅሁት ለምዝገባ በወሰድኳት ትምህርት ቤት ነው። ፈታኟ ቀጭንና ረጅም፣ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ጎነ ሦስት በካርድ አሳየቻት። ልጄ ካርዱን ትክ ብላ አየችውና «ይህን አላውቀውም» አለች። ሴትዮዋ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጋ፣ ልጄ እየሰማች፣ «ቤት ውስጥ ምንም አልሠራችሁም ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት አምጫት» አለችኝ። በአራት ዓመት ልጅ ፊት እንዲህ አይነገርም! ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀናት ሥዕሉ ወደተለጠፈበት ግድግዳ ፊቷን አታዞርም ነበር።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ የልጄ መልስ በዕድሜዋ የሚጠበቅ ነበር። ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ የተባሉ ባልና ሚስት የኔዘርላንድ የሒሳብ መምህራን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት ጥናት፣ ተማሪ ቅርጽን በመጀመሪያ የሚለየው በጠቅላላ መልኩ እንደሆነ፣ ጎንና ማዕዘንን ማስተዋል ከዚያ ቀጥሎ እንደሚመጣ አስረድተዋል። ስለዚህ ልጅሽ የሚያስፈልጋት ቀጭኑንም፣ ሰፊውንም፣ የተገለበጠውንም ጎነ ሦስት በእጇ እያገላበጠች ማየት ነው። ካሬንም «ሬክታንግል አይደለም» ብለሽ አታስተምሪያት፤ ካሬ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሬክታንግል ነውና ኋላ ከፍ ስትል ማፍረሱ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ቤትሽ ባለው ዕቃ ተጠቀሚ፤ ስሙን ከመጥራትሽ በፊት ግን ጠይቂያት። እኔ ሰፌዱን በጠርዙ አቁሜ እያንከባለልኩ «ረከቦቱስ ለምን አይንከባለልም?» እላት ነበር። በረመዳን ጎረቤታችን ሳምቡሳ ስትጠቀልል አጠገቧ አስቀመጥኳት። አንዱን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ ጫፉን ወደ ታች አዙሬ «አሁንስ ምንድን ነው?» ስላት፣ ገርሟት አየችኝና «ያው ሳምቡሳ ነው እኮ!» አለች። ያን ቀን ማታ ያችን የትምህርት ቤት ካርድ የምትመስል ቆርጬ ሳሳያት ማዕዘኖቹን በጣቷ እየነካች ቆጥራ «ይህም ጎነ ሦስት ነው» አለችኝ።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ወንድሜ ከእንጨት ሥራ ቤቱ አምጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ስላለሰለሰልን ቁርጥራጭ ነበር፤ እሱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ የተረፈው ስንደዶ ነው። ስንደዶውን በጣት ርዝመት ቆራርጠን፣ ጫፍና ጫፉን በትንንሽ የሊጥ ድብልብል እያያያዝን ቅርጽ እንሠራ ነበር። ሦስት ስንደዶ ያያያዘችው በጣቷ ብትገፋውም ቅርጹን አልለቀቀም። ባለአራቱን ግን ገና ስትነካው ወደ ጎን ተንጋደደ፤ አቃናችው፣ ተንጋደደ፤ እንደገና አቃናችው። ብዙ ከሞከረች በኋላ ሌላ ስንደዶ አንስታ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ልታጋድመው ብትሞክር አጠረባት፤ ረዘም ያለ ፈልጋ ስታስገባው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ለግድግዳ ሥዕሉ እንዳደረግሁት ቸኩዬ መልሱን ብነግራት ኖሮ ይህን ባላየሁም ነበር። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ስንሄድ በመሠራት ላይ ያለ ቤት ጣሪያ፣ ቆርቆሮ ያልለበሰ የባሕር ዛፍ ማዋቀሪያውን አይታ «እማ፣ ስንደዶዬ!» ብላ ጮኸች።

ሌላ ትምህርት ቤት ያለፈተና ተቀበላት፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል ናት፤ ታናሽ ወንድሟን ስንደዶ የምታስይዘው እሷ ናት።

ለሊጡ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና አንድ ኩባያ ያህል ውሃ ይበቃል፤ ጨው ስለበዛበት ወደ አፏ እንዳትወስደው ተጠንቀቂ። ስንደዶ ካጣሽ ደሴ ስትወጪ አስቀድመሽ ጻፊልኝ፤ እናቴ አንድ እስር ታስቀምጥልሻለች።