ታንከሩ ሜዳው ላይ ይቁም ወይስ ኮረብታው ላይ?

ከገላን በኩል የሰፈር ውሃ ኮሚቴ አባል የሆነ አንባቢ የላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ 300 ሜትር ኩብ የሚይዝ አዲስ ታንከር ሊሠራ ነው። ሁለት ቦታ ቀርቧል። አንዱ ጉድጓዱ አጠገብ ያለ ሜዳ ሲሆን ካሳ የለበትም፣ መኪናም እስከ ቦታው ይገባል። ሌላው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚርቅ ኮረብታ ነው። ኮሚቴው «ኮረብታው ላይ ለመግፋት የፓምፑ መብራት ይጨርሰናል» ብሎ ወደ ሜዳው አድልቷል። የቱ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ከፓምፑ እንጀምር፤ ክርክሩን ያጣመመው እሱ ነው። ፓምፕ የሚለፋው ውሃውን ለማንሳት ነው። ከፍታው በኮለን ተሠራ በተራራ አያገባውም። ሜዳው ላይ 28 ሜትር ማማ ብታቆሙ ውሃውን ያንኑ 28 ሜትር ማንሳታችሁ አይቀርም። በኮረብታው የሚጨመረው በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ የሚባክነው ግፊት ነው፤ እሱም ቧንቧው ሰፋ ካለ ትንሽ ነው። ቀጭን ቧንቧ በርካሽ ገዝታችሁ ከቀበራችሁ ግን ኮሚቴው ያለው ይደርሳል፣ በየወሩ ለመብራት ትከፍሉታላችሁ።

28 ሜትር ከየት መጣ? ለምሳሌ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,140 ሜትር ላይ ነው እንበል፣ ኮረብታው 2,166፣ ከታንከሩ ከሚጠጡት ቤቶች ከፍተኛው 2,148። እዚያ ቤት ጂ ፕላስ ዋን ላይ ውሃ እንዲወጣ 15 ሜትር ያህል ግፊት ያስፈልጋል (10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ነው)፣ በመስመር ላይ ለሚባክነው 5 ጨምር። የታንከሩ ወለል 2,168 ላይ መሆን አለበት ማለት ነው። ሜዳው ላይ 28 ሜትር ማማ፣ ኮረብታው ላይ ሁለት ሜትር ከፍታ ብቻ። አሁን ዝቅተኛውን ቤት እይ፤ 2,095 ላይ ከሆነ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛና ውሃው ሲቆም ከ7 ባር በላይ ይጫነዋል፣ ፍሌክሲብሉም ቧንቧውም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቦታው የትም ይሁን ለታችኛው ሰፈር የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ከአሁኑ በጀት ውስጥ ይግባ።

እነዚህን ቁጥሮች በስልክ እንዳትለካ። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታን 10 ሜትር ቢስት አይገርምም፣ ያ ደግሞ አንድ ሙሉ ባር ነው። ሰርቬየር በሌቭል ወይም በቶታል ስቴሽን ይለካ። «ከፍተኛው ቤት» ስልም ዛሬ ያለውን ብቻ አይደለም፤ ከተማው ዳገቱን እየወጣ ስለሆነ ፕላኑ ላይ ለመኖሪያ የተከለለውን ከፍተኛ መሬት ጠይቅ።

ሜዳው ላይ እኔን የሚያስፈራኝ አፈሩ ነው። እዚያ አካባቢ ሜዳ ሲሉህ ብዙ ጊዜ ኮትቻ፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ ሂድና ስንጥቁ ውስጥ እንጨት ክተት፣ ክንድህን ያህል ሲገባ ታያለህ። የአካባቢውን የብሎኬት አጥርም እይ፤ ስንጥቁ እንደ ደረጃ እየዘለለ ከወጣ ከሥር ያለው አፈር እየተንቀሳቀሰ ነው። 300 ሜትር ኩብ ውሃ 300 ቶን ነው፣ ያ ሁሉ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ በጥቂት ኮለን ወደዚህ አፈር ሊወርድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲያወዛውዘን እላይ ክብደት የተሸከመ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስብ ሁሉም አይቶታል። አይቻልም አላልኩም፤ ጥሩ አፈር ወይም ዓለት ድረስ ወርዶ መሠረት መጣል ይቻላል። ግን ገንዘቡ ያኔ በነፃ የተገኘውን መሬት ያስረሳችኋል።

ስለዚህ እኔ ኮረብታውን እመርጣለሁ፣ አፈሩ እዚያም ተቆፍሮ ይመርመር እንጂ። «ዓለት ነው» የተባለ ኮረብታ ከላይ ድንጋይ ከታች ልቅ አፈር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አጠገቡ ድንጋይ በፈንጂ የሚያወጡ ከሆነ ወይም ጫፉ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ወይም መቃብር ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ሽማግሌዎቹን ከካርታው በፊት ጠይቁ። የቴሌ ማማ ካለበት ግን ደስ ይበላችሁ፣ መንገድና መብራት ብዙ ጊዜ አብሮ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከጉድጓድ ወደ ታንከር በሚገፋው መስመር ላይ ማንም የቤቱን ቧንቧ እንዳይቀጥል። መስመሩ የሚያልፍበት ሰፈር መለመኑ አይቀርም። ለእነሱ ከታንከሩ በሚመለሰው መስመር ስጧቸው።

ፕላኑ ሲመጣ መጀመሪያ ትርፍ ውሃው በየት እንደሚወጣ ፈልግ። ፓምፑን የሚያጠፋው ሰው የተኛ ዕለት ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፤ መውጫው ወደ ታንከሩ መሠረት ወይም ወደ ሰው ግቢ ከሆነ አትፈርም።