አንድ ባለ 128 ወይስ ሦስት ባለ 32? ከኮምቦልቻ ለቀረበው የሚሞሪ ካርድ ጥያቄ

ከኮምቦልቻ የጠየቁት ወንድማችን ያገለገለ ካኖን 600ዲ ካሜራ መግዛታቸውንና በጥር የመጀመሪያውን የሰርግ ሥራ መያዛቸውን ገልጸው፣ አንድ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ይሻላል ወይስ ሦስት ባለ 32፣ በካርዱ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮችስ የትኛውን ልመን ብለዋል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ በማንሳት ብዙ ዓመት ስለቆየሁና በዚሁ በካርድ ነገር ከባድ ዋጋ ስለከፈልኩ፣ መልሴ ቢረዝም ይታገሱኝ።

ከቁጥሮቹ ልነሳ። በካርዱ ፊት በትልቁ የሚታተመው፣ ለምሳሌ «95 ሜጋባይት በሰከንድ» የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ የያዘውን ወደ ኮምፒውተር ሲያወጣ የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ለካሜራ የሚያስፈልገው ግን የመጻፍ ፍጥነት ነው፤ በቪዲዮ ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱ ከስንት በታች እንደማይወርድ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚነግሩን ማንም ልብ የማይላቸው ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። በክብ ውስጥ የተጻፈ 10፣ ክላስ 10 የሚባለው፣ ቢያንስ 10 ሜጋባይት በሰከንድ ማለት ነው፤ በዩ ፊደል ውስጥ ያለ 1 እንዲሁ 10፣ 3 ከሆነ 30 ነው፤ ከቪ ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ራሱ የሜጋባይቱ መጠን ነው።

የእርስዎ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ሲቀርጽ በደቂቃ 330 ሜጋባይት ያህል ይጽፋል፤ ይህም በሰከንድ ከ6 ሜጋባይት ያንሳል። አምራቹም በመመሪያው ለቪዲዮ የሚመክረው ክላስ 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ነው። ስለዚህ እውነተኛ የሆነ ክላስ 10 ካርድ ይበቃዎታል፤ ከኋላው ሁለት ረድፍ ብረት ያለውን ውዱን ካርድ ቢገዙ ካሜራዎ ሁለተኛውን ረድፍ አይነካውም። ወደፊት 4ኬ የሚቀርጽ ካሜራ ለመግዛት ካሰቡ ከአሁኑ ቪ30 መያዝ አይከፋም። ሻጮች «በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስለሚቀርጽ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ካርድ ያስፈልገዋል» ቢሉዎት ግን አይቀበሉ፤ ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል ነው ሜጋባይት የሚሆነው፣ 100 ሜጋቢትም 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። ካርድ በመቀየር የማይፈታ አንድ ነገርም አለ፤ በዚህ ካሜራ አንድ ቪዲዮ 4 ጊጋባይት ሲደርስ፣ ማለትም ከ12 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ቀረጻው በራሱ ይቆማል። ቀለበት ሊደረግ ሲል እንዳይቆምብዎ ቀደም ብለው ራስዎ አቁመው እንደገና ይጀምሩ።

ስለ መጠኑ የእኔ ምርጫ ሦስቱ ባለ 32 ናቸው። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል፣ 1,000 ያህል ፎቶ ቢያነሱ ወደ 25 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ አንዱ ካርድ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ካሜራዎ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ቦታ እየጻፈ መጠባበቂያ አይዝልዎትም፤ ካርዱን በየቦታው ከቀየሩ ግን አንዱ ቢበላሽ ቢያንስ የሙሽሪት ቤት ወይም የሙሽራው ቤት ፎቶ ይተርፋል። ባለ 8 ግን አይግዙ፤ ስንቴ ሊቀይሩ ነው? ባለ ማቀፊያውን ማይክሮ ካርድም ለሰርግ አልመክርም፤ የሚነካካው ቦታ በበዛ ቁጥር ችግሩም ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከዓመታት በፊት ሙሽሪትን ከደሴ ወስዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰርግ ይዤ ነበር። ስሙ የታወቀ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ባለ 64 ካርድ ከሌላው ቀንሶ የሚሸጥ ሰው አግኝቼ በደስታ ገዝቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ካሜራው አንድም ስህተት አላሳየኝም። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስገለብጠው በሙሽሪት ቤት ያነሳሁት ሁሉ ደህና ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድና ኮምቦልቻ ከገባን በኋላ ያነሳሁት ግን የፋይሉ ስምም መጠንም አለ፣ አንዱም አይከፈትም። በመካከል ያለችው ፎቶ ሙሽሪት ስትሸኝ እናቷ ጉንጯን ሲስሟት የተነሳች ነበረች፤ እስከ አንገታቸው ድረስ ታይታ ከዚያ በታች ግራጫ ሆናለች። የተረፈውን ስደምረው 8 ጊጋባይት አይሞላም። ለቤተሰቡ ያንን እንዴት እንደነገርኩ እዚህ አልጽፈውም።

የሆነው ይህ ነው። በሐሰተኛ ካርድ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ መጠኑን አብዝቶ እንዲናገር ተደርጎ ይሠራል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ካሜራው መጻፉን ይቀጥላል፣ ካርዱም እንደተቀበለ ሆኖ ይመልሳል፤ መረጃው ግን የትም አይቀመጥም፣ ወይም በቀድሞው ላይ ይደረባል። ያነሱትን ፎቶ ካሜራው ወዲያው የሚያሳይዎ ከራሱ ጊዜያዊ ማህደር ስለሆነ ያን ጊዜ ደህና መስሎ ይታያል። ፎርማት ማድረግም አያጋልጠውም፤ ማሸጊያውን ማየትም አይጠቅምም፣ የእኔም ማሸጊያው ያልተከፈተ ነበር።

የሚያጋልጠው ሞልቶ መፈተሽ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል፣ በማክና በሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን እስከ ጫፉ ይጽፍና መልሶ እያነበበ ያመሳክራል፣ የጻፈበትንም ፍጥነት ይነግርዎታል። ባለ 32 ካርድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል መብራት ባለበት ቀን ይጀምሩት። ኮምፒውተሩ ካርዱን 29 ከምናምን ጊጋባይት አድርጎ ቢያሳይዎ አይደንግጡ፤ እሱ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ሲገዙም «ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብለው ይስማሙ፤ በዚህ የማይስማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ካርዱን ከፈተሹ በኋላ ፎርማቱን እዚያው ካሜራው ላይ ያድርጉት። በሰርጉ ቀን በስህተት ፎቶ ቢጠፋብዎ በዚያ ካርድ ላይ አንዲትም ፎቶ አይጨምሩ፤ ካርዱን አውጥተው ያስቀምጡት፣ ማታ ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የሞላውን ካርድ በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ስበው፣ ፊቱን ገልብጠው በመያዣው ውስጥ ያኑሩት፤ በሆይታው መካከል የትኛው ባዶ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ምልክት አያስፈልግዎትም።