ቦይለሩ መብራቱ በርቶ ውሃው ካልሞቀ፣ ሻወሩም ከነዘረ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው ያለኸው። የ50 ሊትር ቦይለርህን ቴርሞስታት (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) ራስህ ቀየርክ። ከዚያ ወዲህ ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ውሃው ግን አይሞቅም፣ ሻወሩን ስትነካው ይነዝርሃል። ብሬከሩም አይወርድም። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋው፣ ከዚያ የቀረውን አንብብ። እስኪስተካከል ድረስ ማንም ሻወር ቤት አይግባ።

ከኔ በላይ ከመለሱልህ መካከል «ኤለመንቱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» ያሉህ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ችግሩ የጀመረው ቴርሞስታቱን ከቀየርክ በኋላ ስለሆነ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው።

ኤለመንቱ ሁለት እግር አለው። በአንዱ ፌዝ (ኃይል ይዞ የሚመጣው መስመር) ይገባል፣ በሌላው ወደ ኒውትራል (መመለሻው መስመር) ይመለሳል። የመመለሻው ሽቦ በስህተት የግራውንዱ (ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ብሎን ላይ ከታሰረ፣ ፌዙ በኤለመንቱ አልፎ የቦይለሩ ብረት ላይ ይቀመጣል። ቤቱ የሚሠራ ግራውንድ ከሌለው መሄጃ ስለሌለው ኤለመንቱ አይሞቅም። ሾርት ስላልተፈጠረ ብሬከሩም ዝም ይላል። ቧንቧው ፒፒአር ፕላስቲክ ቢሆንም ውሃው ራሱ ስለሚያስተላልፍ ሻወሩ ይነዝራል። መብራቷ ደግሞ ፌዝና ኒውትራል በቀጥታ ስለሚደርሳት ደልቷት ትበራለች። እሷን አትመን፤ መብራት መጣ ማለቷ እንጂ ኤለመንቱ ሠራ ማለቷ አይደለም።

ይህን ስህተት መሥራት ቀላል ነው። የቆየ ቦይለር ክዳኑ ሲከፈት ሰማያዊውም (ኒውትራሉ) ቢጫና አረንጓዴውም (ግራውንዱ) ሽቦ በሙቀት ጠቁሮ አንድ መልክ ይይዛል። ላዩ ላይ ናስትሮ ከተጠቀለለበትማ ጨርሶ አይለይም። ስለዚህ በቀለም አትሂድ፣ ሽቦውን እስከ ጫፉ ተከተለው።

አሁን ወደ ምርመራው። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም በቴስተር (ፌዝ መኖሩን በሚያሳየው) ሁሉንም ተርሚናል፣ ማለትም ሽቦ የሚታሰርበትን ቦታ፣ ንካ። ግድግዳው ላይ ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው ከሆነ አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ (ባለ አንድ ፖል) ብሬከር የሚቆርጠው ኒውትራሉን ብቻ ነው፤ ቦይለሩ «ጠፍቶም» ፌዝ አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ብቻ የኤለመንቱን ሽቦዎች ንቀልና በመልቲሜትር ኦሙን ለካ። 1500 ዋት ከሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል 32 ኦም ገደማ፣ 2000 ዋት ከሆነ 24 ገደማ ታገኛለህ። ምንም ካላነበበ ኤለመንቱ ተበጥሷል፣ ከላይ «ተቃጥሏል» ያሉህ ልክ ናቸው። ቀጥለህ ከአንዱ እግር ወደ ብረቱ ለካ፤ እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ኤለመንቱ ያፈስሳል፣ ንዝረቱም ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ መቀየር ነው። ኤለመንቱ ደህና ከሆነ መመለሻውን ከግራውንዱ ብሎን አውጥተህ ቴርሞስታቱ ላይ ኒውትራል በሚወጣበት ተርሚናል እሰረው።

እግረ መንገድህን ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የሪሴት ቁልፍ ጫን አድርጋት። ዘላ (ሙቀት በዝቶ ራሷ ቆርጣ) ከሆነ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖም ውሃው አይሞቅም። የኤለመንቱ ሽቦዎች ከቴርሞስታቱ መግቢያ ሳይሆን ከመውጫው መነሳታቸውንም እይ። ከመግቢያው ከተነሱ ቴርሞስታቱ ታልፏል ማለት ነው፤ ውሃው መፍላቱን አያቆምም፣ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ከተደፈነ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል።

«ግራውንድ ከሌለህ ከኒውትራሉ ጋር አገናኘው» ያለህን ምክር በፍጹም እንዳትሰማ። ኒውትራሉ የመብራት ምሰሶው ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ የላላ ዕለት የቦይለሩ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ትክክለኛ ግራውንድ አስቀብር፣ ከቻልክ ሊኬጅ (ወደ ብረት ወይም ወደ ሰው የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ) ሲኖር የሚቆርጠውን ብሬከርም ጨምርበት። እሱ ለኤሌክትሪሺያን የሚተው ሥራ ነው፤ የቀረውንም እጅህ ካልደፈረ ለሱ ስጠው።

ስትሞክረው የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍተህ ውሃ ሲወርድ በማየት ጋኑ ውሃ መሙላቱን አረጋግጥ፤ ባዶ ጋን ላይ ኤለመንት ወዲያው ይቃጠላል። 1500 ዋት 50 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈልጋል፤ በ20 ደቂቃ «አልሠራም» ብለህ እንደገና እንዳትፈታው። የለካኸውን ኦምና የተርሚናሎቹን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አያለሁ።